አባቴ ያልሞተበት ገጽ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት አይሆንልኝም። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ «ስልክ ትሠራለች» አለች፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስክሪኑ የተሰነጠቀበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አልችልም ስላቸው የኮራሁ ይመስላቸዋል። እኔ የምሠራው ድረ ገጽ ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል አለችኝ። ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተርና ቬንትሌተር ይዛለች። ከኮምፒውተሩ ይልቅ የምሳሳው ለቬንትሌተሩ ነው፤ የሮቢትን ሙቀት የማያውቅ ሰው በዚህ ሊስቅብኝ ይችላል።

የሆቴሎችን፣ የማሾ ነጋዴዎችን፣ የአንድ የግል ትምህርት ቤትን ገጽ ሠርቻለሁ። የምበላው ከእነሱ ነው። ልቤ ያለው ግን በእድራችን ገጽ ላይ ነበር። እድራችን የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው፤ ድንኳኑ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣ ጭቅጭቁም አንድ ነው። የሰፈሩ ልጆች አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ዐረብ ሀገር ሲበተኑ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ወንዙ የማንን ማሳ እንደወሰደ የሚያነቡበት ገጽ ይሠራልን ተባለ። ተረኛዋ እኔ ሆንኩ። ሌላ የሚችል አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ ያስረዳሁበትን ቀን አልረሳውም። የእድሩ ሰብሳቢ በእርሻ ጽሕፈት ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ትልቅ ትንሹ ጋሼ ይላቸዋል። አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት ስልኩ ዝም ብሎ ዘው እንደማይል ነገርኳቸው። በር ላይ ራሱን ያስተዋውቃል፤ እንዲህ ያለ ስልክ ነኝ፣ የምጠቀመው ብሮውዘር ይሄ ነው ይላል። ገጹ ይህንን ሰምቶ የሚስማማውን ይሰጠዋል። ኮምፒውተር ከሆነ ሰፊውን ከነፎቶው፣ በጣት የሚነካ ታች ስልክ ከሆነ ጠበብ ያለውን፣ ባለ ቁልፏ ትንሽ ስልክ ከሆነች ደግሞ ጽሑፉን ብቻ።

«እና ለደሃ ስልክ ደሃ ገጽ ልትሰጪ ነው?» አሉኝ ጋሼ ከመነጽራቸው በላይ እያዩ።

«ቀለል ያለውን ነው የምሰጠው ጋሼ። ከባዱን ብልከው መንገድ ላይ ይቀራል። አንቱ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔማ አቅሙን አይቼ ነው የማሸክመው» አሉ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞር ብለው «ገብቶኛል። ይሠራ» አሏቸው። የገባው ሌላ ሰው ስለመኖሩ ግን እጠራጠራለሁ።

እውነቱን ለመናገር ያቺን ቀላሏን ገጽ የሠራኋት ለእህቴ ብዬ ነው። ታናሼ ዐረብ ሀገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ስትሄድ አባቴ አልፈቀደም። ተቆጣ፣ አኮረፈ፣ ከእናቴ ጋር ሳይቀር ተጣላ። የመሄጃዋ ቀን ሲደርስ ግን ተነሥቶ የራሱን ስልክ ሰጣት፤ ባለ ቁልፍ፣ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረ ስልክ። ማዳሞቹ ታች ስልክ ይነጥቃሉ፣ ይህችን ግን አይፈልጓትም ብለው የተመለሱ ሴቶች ነግረውት ነበር። እውነትም አልነጠቋትም። ድምፅ ማሰማት ግን ክልክል ነበር፤ የምትደውለው ፈቃድ ስታገኝ ነው። ስታነብ ግን ማንም አይሰማትም። ልብስ ስታሰጣ፣ ሽንት ቤት ስትገባ ገጻችንን ትከፍታለች።

ከኋላ በኩል እኔ የማየው ማን እንደገባ አይደለም፤ ምን ዓይነት ስልክ እንደገባ ነው። ያቺ የአባቴ ስልክ ደግሞ ያረጀች ከመሆኗ የተነሣ ብሮውዘሯን የሚጠቀም ሌላ ሰው በሰፈሩ ልጆች ሁሉ መካከል አልነበረም። ስትመጣ አውቃታለሁ። አባቴም ይህን ካወቀ በኋላ ሰላም ነሣኝ። ከገበያ ሲመለስ፣ ከመስጊድ ሲወጣ፣ የክፍሌ በር ላይ ይቆምና ሳይገባ «መጣች?» ይለኛል።

«መጥታለች አባ። ጠዋት መጥታለች።»

«በይ እንግዲህ ጻፊላት።»

ይቀመጥና ያጽፈኛል። ገጹ ላይ «ከማሳ» የምትል ትንሽ ጥግ ከፍቼ ነበር፤ ለሁሉም ገበሬ ነበር ያሰብኳት፣ ግን አባቴ ወረሳት። ማሾው አበበ፣ ጦጣ በቆሎውን ጨረሰው፣ የእገሌ በሬ ሽንኩርት ውስጥ ገባ፣ ባለቤቱ ይቅርታ እንኳን አላለም። አንዳንዱን አልጽፍም ስለው ይናደዳል። «እውነት አይደል? ታዲያ ምን ያስፈራሻል?» ይላል። እህቴ ደውላ «እታለሜ፣ የአባን ነገር አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ማዳሜ ያመመኝ መሰላት» ስትለኝ ሰምቶ በኩራት ሊያብጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

አባቴ የሞተው በማሾ ለቀማ ጊዜ ነው። ጠዋት ማሳ ወርዶ ደረቴን ያዘኝ ብሎ ተመለሰ። ውሃ ጠጣ፣ ተጋደመ፣ እንደገና ተነሣ። ባጃጅ ጠርተን እናቴና እኔ በመሐላችን ይዘነው ስንሄድ ራሱ ትከሻዬ ላይ ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ ባለ ባጃጁ ሂሳብ አልቀበልም ሲለን ነው የገባኝ። እሱ ከፊት በመስተዋቱ እያየው ነበር የመጣው።

ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተቀምጦ፣ ሴቶቹ እናቴን ከበዋት፣ ሽማግሌዎቹ ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ አየኋቸው። ስለምን እንደሚያወሩ ለማወቅ መጠጋት አላስፈለገኝም። ስለ እህቴ ነበር።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አባቱን ወይም እናቱን ሲያጣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩቶ፣ አጠገቡ የሚይዘው ሰው ቆሞ ነው የሚረዳው። ብቻውን የተረዳ ሰው ሲነሣ ሁሉም ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ከሐዘኑ ይልቅ ብቻውን መሆኑ ይወራል። የእህቴ ኮንትራት ደግሞ ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

«ልጅቱ ሰው ቤት ናት» አሉ ጋሼ። «ብትወድቅ የሚያነሣት የለም። ብትጮህ ያባርሯታል። ተመልሳ እስክትመጣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ዐረብ ሀገር ልጅ ያለው ቤት ሁሉ በዛሬው ዕለት ይነገረው።»

«ገጹስ?» አልኩ።

የሞተ ሰው ስም ካልወጣ የሩቁ አባል ለቅሶ ሳይደርስ ይቀራል፤ አለመድረስ ደግሞ በእኛ እድር ቀላል ነገር አይደለም። የአባቴ ስም ይውጣ፣ ሁሉም ይወቅ፣ አንዲት ልጅ ብቻ አትወቅ። ጋሼ ቀና አሉ።

«አንቺ ስልኳን ለይተሽ ታውቂዋለሽ አይደል?»

የዚያን ቀን የነገርኳቸው ለካ በደንብ ገብቷቸዋል። አውቃለሁ አልኩ። ድንኳኑ እንደተተከለ፣ ዓይኔ እንዳበጠ፣ ወደ ክፍሌ ሄጄ ሠራሁት። ከባድ ነገር አይደለም፤ ጥቂት መስመር ነው። ያቺ ስልክ ከመጣች ይህን ገጽ አትስጣት፣ ያኛውን ስጣት። በአንደኛው ላይ የአባቴን ፎቶ አወጣሁ፤ ዓርብ ዓርብ የሚለብሳትን ነጭ ኮፍያ አድርጎ፣ ስሙ ከሥር በትልቁ ተጽፎ። በሁለተኛው ላይ ምንም አልተፈጠረም። «ከማሳ» የምትለው ጥግ ላይ የትናንትናው ወሬ እንዳለ ነበር፤ ማሾው እየተለቀመ ነው ይላል። ሳይሞት በፊት በነበረው ቀን ያጻፈኝ ነው።

ይህንን ስሠራ ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ነገ የሚባል ቀን መኖሩን ነው። በነጋታው ስልኳ መጣች። በማግስቱም መጣች። ያው ያቺን የማሾ ለቀማ እያነበበች ትወጣለች። አባ ሳያጽፈኝ እንዲህ ቆይቶ አያውቅም፤ ዝም ካልኩ እህቴ ትጠረጥራለች። ስለዚህ ጻፍኩ። «ማሾው ተለቅሞ አለቀ፤ አውድማ ላይ ነው» አልኩ። ማሾውን የለቀሙት ጎረቤቶች ነበሩ፤ የሐዘንተኛ ቤት ነው ብለው ተሸክመው ወደ ቤት ያስገቡት እነሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነብኝ። አባቴ ሽንኩርት ተከለ። አባቴ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተጣልቶ ታረቀ። አባቴ ወደ አሊዩ አምባ ወርዶ የድሮ ወዳጁን ጠይቆ መጣ። እንዴት እንደሚናገር አውቅ ስለነበር በእሱ አነጋገር ነበር የምጽፈው፤ ቁጣውን ሳይቀር አስገባበት ነበር። አንዳንዴ ጽፌ ስጨርስ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ትዝ ይለኝና ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብዬ አለቅሳለሁ። ሰው አባቱን አንድ ጊዜ ነው የሚያጣው። እኔ ግን ወሬውን በጨረስኩ ቁጥር አጣው ነበር።

ግጭት ተነሥቶ መንገድ በተዘጋበትና ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞን ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ። ከመጥፋቱ በፊት የጻፍኩት «አባ ገበያ ወጥቷል» የሚል ነበር። ሳምንታት አለፉ። እኛ ቤታችንን ዘግተን ስንፈራ አባቴ በእህቴ ስልክ ላይ ገበያ ቆሞ ነበር። ኔትወርኩ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት አባን ከገበያ መመለስ ነው።

እናቴ ከእኔ ይብስባት ነበር። እንደ ሃይማኖታችን ለባሏ ሐዘን ዒዳ ላይ ተቀምጣ፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ስልኩ ሲጮህ ጉሮሮዋን ጠርጋ ድምፅዋን ታሳምራለች። «አባትሽማ መስጊድ ሄዷል የኔ ልጅ። አሁን ከመውጣቱ ነው። ሰላም በያት ብሎሻል።» ስልኩን ስትዘጋ ሻሿን አፏ ውስጥ ትወትፋለች። አንድ ቀን «ያ አላህ፣ በዚህ አፌ ነው ዱዓ የማደርገው» አለችኝ።

እህቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስትደውል አባን አገናኙኝ ትል ነበር። ብዙም ሳትቆይ ተወችው። ዝም ብላ ስለ ጤናችን ትጠይቃለች፣ ስለ እናቴ ጉልበት ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች። ሥራ በዝቶባት ነው፣ ወይም ተኮራርፈው ነው የሄደችው ብለን ለራሳችን ነገርነው፤ አባ የለም እያሉ ከመዋሸት ስላዳነን ደግሞ በልባችን አመሰገንናት። እኔ የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። ስልኳ ከበፊቱ ይልቅ ትመላለስ ጀመር። በቀን ብዙ ጊዜ ትመጣለች። አዲስ ነገር ሳልጽፍ እንኳን ትመጣለች፤ ያንኑ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ተመልሳ ትከፍታለች። ኔትወርኩ ይሆናል አልኩ።

በመጨረሻ ኮንትራቷን ጨርሳ ልትመጣ ሆነ። ቤቱ ሁሉ ስለ አመጣጧ ሳይሆን ስለ መርዶው ነበር የሚጨነቀው። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ስትደርስ ቤታችን እንዳትገባ፣ አጎታችን ቤት እንድታርፍ፣ እንድትበላ፣ እንድትተኛ፣ ጎህ ሲቀድ ጋሼና ሌሎቹ እንዲመጡ ተወሰነ።

ስትወርድ አቅፌ ሳምኳት። ከስታለች፣ ቆዳዋ ነጣ ብሏል፤ ፀሐይ የማያይ ሰው ቆዳ። ሙቀቱን ስታገኘው ዓይኗን ጨፍና ቆመች። አጎቴ ቀደም ብሎ ያጠናውን ተናገረ፦ «አባትሽ ካራቆሬ ለቅሶ ሄዶ ነው፤ ነገ ይገባል።» እሷም «እሺ» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ቀረበላት፤ በላች። የእናቴን እጅ ይዛ ብዙ ቆየች። እናቴ ዓይኗን ማየት አልቻለችም።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ስገባ እንቅልፍ ላይ እናገኛታለን ብዬ ነበር። ተነሥታ ሱብሒ ሰግዳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሁላችንም በሩ ላይ ቆምን። ሁለት ሴቶች እንደ ደንቡ ሊይዟት ከግራና ከቀኝ ተጠጉ።

«ልጄ» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ። አውቃለሁ» አለች።

ጥቁር ሻሿን አስተካከለች።

«ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ግን ይንገሩኝ። በሰው አፍ አልሰማሁትም።»

ጋሼ ነገሯት። ቆመው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ቃል ሳያጎድሉ፣ ለማያውቅ ሰው እንደሚነገረው ነገሯት። ሴቶቹ ያዟት። እሷ ግን አልወደቀችም፤ እንባዋ ብቻ በዝምታ ይወርድ ነበር። የጮኸችው እናቴ ናት። ያን ሁሉ ጊዜ በሻሽ ስትወትፈው የኖረችው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ።

ድንኳኑ እንደገና ተተከለ። ለቅሶ ደራሹ ሲቀልል፣ ጓሮ በማንጎው ሥር ሁለታችን ብቻ ስንቀመጥ ነገረችኝ። የማዳሟ ልጅ፣ ትንሽ ሴት ልጅ ናት፣ «ሀገርሽን አሳዪኝ» እያለች ትነዘንዛታለች። እንግዳ ቤት ሞልቶ ሳለ ልጅቷ ታብሌቷን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። እህቴ እጇን አድርቃ የእድራችንን ገጽ ከፈተችላት፤ ወንዙንና ማንጎውን በፎቶ ላሳያት ብላ። በእሷ ስልክ ፎቶ አይመጣም፤ በታብሌቱ ግን ይመጣል። የመጣው አባ ነበር። ስክሪኑን የሞላ፣ ነጭ ኮፍያውን ያደረገ።

«ልጅቷ ይሄ ማነው አለችኝ። አባቴ ነው አልኳት። ቆንጆ ነው አለችኝ። ከዚያ ማዳሜ ሩዙ የት ደረሰ ብላ ጠራችኝ። ሩዙን አቀረብኩ።»

ታብሌቱ መምጣቱን ሳላየው አልቀረሁም። ግን ከዚያ አገር ብዙ ስልክ ይመጣል፤ ታብሌት ደግሞ የማን እንደሆነ አይናገርም። እኔ ስልኳን እንጂ እሷን አልጠበቅኩም ነበር። ሞኝነቴ ያኔ ነው የታየኝ፤ በሯን ዘግቼ መስኮቷን ሁሉ ክፍት ነበር የተውኩት። ብቻዋን እንዳትረዳ ብለን አገር ሙሉ ዋሽቶ ቆሞ፣ እሷ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከባዕድ ልጅ ጋር፣ ምድጃው እየነደደ ብቻዋን ተረድታለች።

«እቃ ሳጥብ ስልኬን ከፈትኩት» ስትል ቀጠለች። «እዚህኛው ላይ ማሾ አውድማ ላይ ነው ይላል። መጀመሪያ ታብሌቱ የተሳሳተ መሰለኝ። ከዚያ አነጋገሩን ሳየው አንቺ መሆንሽ ገባኝ፤ አባ የበሬውን ባለቤት ሳይሰድብ አውድማ አያወራም።»

ሳቅኩ። በእንባዬ መሐል ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ቁጣ ሁሉ ነበረበት ድምፄ። «እኔ እዚህ ስቃጠል፣ እማ ስትቃጠል፣ አንዲት ቃል አልነበረሽም?»

«ከነገርኩሽ መጻፉን ትተይዋለሽ።»

አየኋት።

«እታለሜ፣ ጠዋት ተነሥቼ ያንን ሁሉ ቤት ስጠርግ የምጠብቀው እሱን ነበር። ሞቷል፤ አውቃለሁ። ግን እዚህች ስልክ ላይ ሽንኩርት ተክሏል። ነገ ደግሞ ውሃ ያጠጣል። አገሬ ስትጠፋኝ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ገበያ ልከሽው ስትረሺው እንኳን፣ ዞሬ ዞሬ እዚያች ገበያ እሄድ ነበር።»

አባን አገናኙኝ ማለቷን የተወችው እናቴ እንዳትዋሽ ብላ ነው። እኛ እሷን ስንጠብቅ እሷ እኛን ስትጠብቅ ነበር የከረመችው። ይህንን ካወቅኩ በኋላ ብዙ ሌሊት ተናድጃለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም። ጋሼ ክፉ አላሰቡም። እናቴም፣ እኔም አላሰብንም። እህቴ ግን ያንን ሩዝ አቀረበች።

የለቅሶው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጋሼ ክፍሌ በር ላይ መጡ። «በይ ልጄ፣ ያንን ነገር አሁን አንሺው። በሁለት ዓይነት ገጽ መኖር ይበቃናል» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እህቴ ቬንትሌተሩ ፊት ተቀምጣ ነበር። ጋሼ ከሄዱ በኋላ ያንን የጥቂት መስመር ትእዛዝ ከፈትኩት። ላጠፋው ስል እጄን ያዘችው።

ከጉያዋ ያቺን ስልክ አወጣች። ቁልፎቹ ፊደላቸው ጠፍቷል። ገጹን ከፈተችና የመጨረሻውን ወሬ ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ እሷ ልትመጣ ስትነሣ በጥድፊያ ጽፌው የረሳሁት ነው። «አባ ሽንኩርቱን ውሃ ሊያጠጣ ወርዷል።»

«እንዲህ ትተሽው አትሂጂ» አለችኝ። «ወደ ቤት መልሺው። ከዚያ አጥፊው።»

እንዴት እንደምጽፈው ግራ ገባኝ። አባ ቢሆን ስለ ውሃ ተረኛው፣ ስለ ጎረቤቱ ቦይ ብዙ ይል ነበር። እኔ ምንም ሊመጣልኝ አልቻለም። «አባ ውሃውን ጨርሶ ቤት ገባ። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ» ብዬ ጻፍኩ። እሷ ስልኳ ላይ አንዴ ጫነች፤ አልመጣም። እንደገና ጫነች። መጣ።

አነበበችው። ከዚያ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ አጎነበሰችና ጮኸች። በአጎቴ ቤት ያልወጣው፣ በዚያ ወጥ ቤት ያልወጣው ድምፅ ነበር። የመለዋወጫ ሱቁ ሰዎች ሮጠው መጡ። በእጄ ምልክት መለስኳቸውና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያዝኳት፤ ደንቡም እሱ ነው፤ ሰው መርዶ ሲረዳ የሚይዘው ያስፈልጋል።

ዝም ስትል ፊቷን በሻሿ ጠረገች። «አሁን አጥፊው» አለች። አጠፋሁት። ስልኳን እንደገና ከፈተች። ስልኳም እንደ ሁልጊዜው በር ላይ ራሷን አስተዋወቀች፤ ገጹም በዚህ ጊዜ ለሁሉም ሰው የሚሰጠውን ሰጣት። እህቴ የአባታችንን ስም እስከ መጨረሻው አነበበችው።